የሸጌ ቁና

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጎረቤቴ ሸጌ «አንድ ቁና ገብስ አበድሪኝ» ብላ መጣች። «ከየት አምጥቼ፣ እህቴ?» አልኳት። ገብሱ ጓዳዬ ነበር፤ ፈጭቼ ለአረቄ ደፈደፍሁት። ሸጌ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮን ከተማ ስትሄድ መንገድ ላይ ሞተች። አፍሬ ለቅሶዋን እንኳ አልደረስሁም።

አረቄውን የማወጣ ዕለት አንድ ሸክም እንጨት ነደደ፤ በመቃው ግን ጠብታ አልወረደም። ማሰሮውን ብነካው ቀዝቃዛ ነው። ከፈትሁት። ያን ሁሉ ውኃ ጨምሬበት፣ ውስጡ ያልተፈጨ ደረቅ ገብስ ብቻ ነው። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ሰፈርሁት። ልክ አንድ ቁና።

ከበሩ ላይ የሸጌ ድምፅ «አሁንስ ተገኘ፣ እህቴ?» አለኝ።