ስሙ ያልተጻፈ ተፈታኝ

በኖርዌይዋ በርገን ከተማ፣ ገጣሚው ፕሮፌሰር ቢሮው ውስጥ በንዴት ጦፏል። እያረመ ያለው የፈተና ወረቀት ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ጥያቄው ፕሮፌሰሩ ራሱ ስለ ባሕር በጻፈው ግጥም ላይ ነበር።

«ይህ ግጥም ስለ ባሕር አይደለም» ይላል መልሱ። «ከእናቱ ቀብር ስለቀረ ልጅ ነው።»

ያ ልጅ ፕሮፌሰሩ ራሱ መሆኑን ከእሱ ጋር ከተኳረፈው ወንድሙ በቀር የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ እስኪቀደድ በቀይ ዜሮ ጻፈበት።

«የዚህን ባለጌ ስም ንገሪኝ!» ብሎ ጸሐፊዋ ላይ ጮኸ።

«ውጤት ሳይመዘገብ ስም አይነገርም፣ ፕሮፌሰር።»

«ዜሮ ብለሽ መዝግቢው!»

መዘገበችና የስም ዝርዝሩን ገለጠች። «ራግንሂልድ ትባላለች። የቤተሰብ ስሟ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው፤ ዘመድዎ ናት እንዴ?»

ፕሮፌሰሩ ወንድሙ ልጅ እንዳለው እንኳ አያውቅም ነበር። ራግንሂልድ ግን የእሱና የወንድሙ እናት ስም ነው።