የአሥራ አምስት ሰዓት መንገድ

እናት የጠየቁት እንዲያው በስልክ ጨዋታ መሃል ነበር።

«ዘበኛዬ፣ ከአንቺ ከተማ እዚህ ድረስ አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ልጅቷ የሆቴል አንሶላ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመችው።

«አሥራ አንድ ሰዓት በአየር ላይ። መሃል ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ሦስት ሰዓት መቀመጥ አለ። ከማረፊያው እስከ ቤት ደግሞ አንድ ሰዓት። ምነው እማዬ?»

«ርቀቱስ?»

«ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላሉ።»

«ጉድ ነው! እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ ጉልበቴን ሲያመኝ ይውላል።» እናት ለራሳቸው ሲቆጥሩ ተሰማ። «አሥራ አምስት... ይበቃል።»

«ለምኑ ነው የሚበቃው?»

«እንዲያው ነው። በይ ሥራሽን ሥሪ።»

ዘበኛ የሚል ስም ያወጡላት በከንቱ አልነበረም። አባቷ ካረፉ ወዲህ እናቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቃለች። ባለፈው ዓመት ለእረፍት መጥታ፣ ጋዜጣ እየያዘ ብቅ የሚለውን ጡረተኛ አስተማሪ ከደጅ መልሳዋለች። ሰውየው ጋዜጣውን እንኳ ሳያነሳ ነው የሄደው። እናት ናቸው አንሥተው ያጣጠፉት።

በሳምንቱ ስትደውል የመጋዝ ድምፅ ሰማች።

«ማን ነው እሱ?»

«የሰፈሩ አናጢ ናቸው። የማሠራው ነገር አለ።» ከዚያ ስልኩን ራቅ አድርገው፣ «ርዝመቱስ ልክ ነው፤ ወርዱን ግን ትንሽ ይጨምሩበት» አሉ።

ልጅቷ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምታሠሪው?»

«ስትመጪ ታዪዋለሽ። የአባትሽንም ልብሶች ለጎረቤት ሰጠኋቸው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቦታ ይፈለጋል።»

«እህልስ ትበያለሽ?»

«ትንሽ ቀንሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የሬሳ ሣጥን ነው። በልካቸው የሚሠራ ሌላ ምን አለ?

አንድ ማለዳ እናት ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዘበኛዬ፣ ዛሬውኑ ተነሺ። የምትሳፈሪበትን ሰዓት ብቻ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ካውያውን ለሥራ ጓደኛዋ ትታ እግሬ አውጪኝ አለች። መሸጋገሪያው ጣቢያ ስትደርስ ደወለች። ስልኩን ያነሱት አናጢው ናቸው።

«ልጄ፣ አሁን ማውራት አይችሉም። ሴቶቹ እያለበሷቸው ነው። አይዞሽ፣ ምንም አትቸኩይ።»

ከጣቢያው ሱቅ ጥቁር ሻርፕ ገዝታ ራሷ ላይ ጠመጠመች። የቀረውን መንገድ አጠገቧ የተቀመጠ የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ ስታለቅስ ጨረሰችው። መጨረሻ ላይ ሰውየውም አብሯት አለቀሰ።

ደጁ ላይ ወንበር ተደርድሯል፤ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጥቁሩን ሻርፕ ሲያዩ ሁሉም መንገድ ለቀቁላት።

«ዘገየሽ እኮ፤ አለቀ» አለቻት አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

እሪ እያለች መኝታ ቤቱን በረገደችው። ሣጥን የለም። አዲስ የእንጨት ሽታ ያለው ሰፊ አልጋ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ሁለት ትራስ ተቀምጦበታል።

«አሥራ አምስት ሰዓት ብለሽን ነበር፣ ዘበኛዬ» አሉ እናት ከኋላዋ፣ ክንዳቸውን በአናጢው ክንድ ቆልፈው፤ «እኛ በአሥራ ሦስተኛው ፈርመን ጨርሰናል።»