የእመት ሸጋ ጉሮሮ

በ1955 ዓ.ም. የዳንግላ ሰው በገበያ ቀን ከሸመታው ይልቅ የሚቸኩልለት ነገር ነበረው፤ የእመት ሸጋ ጭውውት።

የከተማው ትምህርት ቤት መምህራን ከገበያው ማዶ ባለችው የቆርቆሮ አዳራሽ በየሳምንቱ አዲስ ጭውውት ያሳያሉ። ታሪኩ ይለዋወጣል እንጂ ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ጨቅጫቃ ባል፣ ሰነፍ አሽከር፣ እስከ ዓይኗ ነጠላ የተከናነበች ሚስት። ሚስትየዋ እመት ሸጋ ትባላለች። እሷ ሳትዘፍን መጋረጃው አይዘጋም።

ያወዛገበውም ዘፈኗ ነው። አንድ ሳምንት ስትዘፍን ጋሪ ነጂው ተሳፋሪውን ረስቶ በመስኮት ያዳምጣል። በሌላው ሳምንት ያንኑ ዘፈን ስትጀምረው ደጅ የታሰሩት በቅሎዎች ደንብረው ገመድ ይበጥሳሉ። ግማሹ ሰው ሆን ብላ ታሾፍብናለች አለ። ግማሹ ደግሞ ጉሮሮም ቀን አለው ብሎ ተከራከረላት። ክርክሩ በአማርኛ ይጀመርና ሲጦፍ በአገውኛ ይቀጥላል።

ወሬው መሪጌታ ገብረ ማርያም ቤት ሲደርስ ግን ሌላ መልክ ይዞ ነበር። ያ መልካም ድምፅ የልጃቸው የእታለማሁ ነው ተባለ። በአዳራሹ የኋላ በር ስትገባ ያየ ሰው አለ ተባለ።

መሪጌታ ዜማ በማስተማር ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ግምጃ ቤት ለሚባለው አገር ባላባት ለግራዝማች ውቤ ልጅ ታጭታለች። ግራዝማችም ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ መድረክ ላይ የወጣች ሴት ቤቴ አትገባም ብለው ላኩባቸው። ከአራት ሳምንት በኋላ ቁርጡን ለማወቅ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ።

ልጅቱን ቢጠይቋት አቀርቅራ ጥጧን መፍተል ቀጠለች። መሪጌታም አልገፉም፤ በጆሮዬ አጣራለሁ አሉ። ጆሯቸው በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሳስቷቸው አያውቅም። ይህን ለመናገርም ሰው እስኪጠይቃቸው አይጠብቁም።

በመጀመሪያው ሳምንት ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ ጋቢ ተከናንበው ከኋላ ተቀመጡ። እመት ሸጋ አፏን ስትከፍት ደንግጠው ጋቢውን ከጆሯቸው ገለጡ። ማማሩ ብቻ አይደለም ያስደነገጣቸው። ቃሉን ከመልቀቋ በፊት ያዝ አድርጋ ትሰብረዋለች፤ ያ ስብራት ከእሳቸው ጉባኤ በቀር የትም የለም። ፈሩ። ከፍርሃቱ ሥር ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ደስ አላቸው።

እየሮጡ ቤታቸው ሲደርሱ እታለማሁ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች። በአቋራጭ ቀድማኝ ነው አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ከተማ ያለችውን አክስቷን እናትነሽን ልጠይቅ ብትላቸው ወዲያው ፈቀዱ። ዛሬ ያዝኳት ብለው ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። የወጣው ግን ያ በቅሎ የሚያስደነብረው ድምፅ ሆነ። መሪጌታ ጆሯቸውን በጋቢ ጠቅልለው ሳያልቅ ወጡ። የሚፈልጉት ድምፅ ሳይመጣ ቀኑ በከንቱ ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስታቸውን ወይዘሮ ወርቅአየሁን፣ ልጅቱን ከዓይንሽ እንዳታርቂያት ብለው አዘዙ። ወይዘሮዋ በርጩማቸውን ደጃፉ ላይ አድርገው ተቀመጡበት። አዳራሹ ውስጥ ግን ያ መልካም ድምፅ እንደገና ተነሣ፤ ስብራቱም አልቀረም። ዘፈኑ እንዳለቀ መሪጌታ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

እመት ሸጋ ነጠላዋን እየፈታች ነበር። ከነጠላው ሥር ጥቁር ጢም ብቅ አለ። የአራተኛ ክፍል መምህሩ ደሴ ነው።

«የኔታ፣ ይማሩኝ» አለ ከመሬት ተደፍቶ። «ዜማ የተማርኩት አዘና ነው፣ ከእርስዎ ደቀ መዝሙር። ለዘፈን ያዋልኩት እኔው ነኝ፤ እሱ ጥፋት የለበትም።»

ሊቆጡት ሲገባ ሊያቅፉት ምንም አልቀራቸው። ልጃቸው ነፃ ወጣች። አንድ ነገር ብቻ ከነከናቸው።

«ባለፈው ሳምንትስ ምን ነካህ?»

ደሴ፣ ባል ሆኖ የሚጫወተውን መምህር ሀብቱን አየት አደረገና አሳለ።

«ጉንፋን ነው የኔታ። ሲይዘኝ እንደዚያ ያደርገኛል።»

ዳማከሴ ጨምቆ እንዲጠጣ መክረውት፣ ባርከውት ወጡ።

በአራተኛው ሳምንት ግራዝማች ውቤ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደረሱ። መሪጌታ ጠላው እስኪቀዳ እንኳ አልታገሡም። ድጓቸውን ከማኅደሩ አውጥተው እጃቸውን በላዩ አኖሩ።

«ልጄ ያንን መድረክ ረግጣ ከሆነ ዜማ ቤቴ ይዘጋ። እኔም ካሁን ወዲያ ለዜማ አፌን አልከፍትም።»

ከዚያ የደሴን ጢምና የደሴን ጉንፋን ተረኩላቸው። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ግራዝማችም በሳቁ መሐል፣ ባለፈው ወር ለገበያ መጥተው ያንን የጉንፋን ድምፅ በጆሯቸው እንደሰሙ፣ በቅሏቸውም እስከ ወንዙ እንዳስሮጠቻቸው ተናዘዙ። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደማይረሱትም ተናገሩ።

ነገሩ አለቀ። ግራዝማች ምራታቸውን ለማየት ፈለጉ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ልጅቱ ከጓሮ ወፍጮ ላይ መሆኗን ነግረው ልጥራት ወይ ቢሉ፣ ግራዝማች ሥራዋን አታስፈቷት ብለው ከለከሉ። እንዲህ ያለች ጭምትና ሥራ ወዳድ ልጅ ማግኘታቸው ሆዳቸውን አራሰው። ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

መሪጌታ ሊመርቁ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ከጓሮ ከወፍጮው በኩል የእመት ሸጋ የጉንፋን ድምፅ ተነሣ።