የክላውዱ ሂሳብ

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ትምህርቶቻቸውን በቪዲዮ እየቀረጹ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለድርጅቱ የሚከፍሉት ቪዲዮው በታየው ልክ ነው፤ ብዙ በተከፈተ ቁጥር ሂሳቡ ይጨምራል። እሳቸው ግን ሂሳቡ ባደገ ቁጥር ደመወዝ እንደተጨመረለት ሰው ይደሰቱ ነበር።

«ብዙዬ፣ አየሽ? ሰው እየሰማኝ ነው!» ይሏታል ሚስታቸውን ብዙነሽን።

«እሰይ፣ መስማታቸው ደግ ነው» ትላለች። «ዛሬ እንኳ እስቲ ከእኔ ጋር ቁጭ በልና እንጫወት።»

«ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል» ብለው የመቅረጫ ክፍላቸውን በር ይዘጋሉ።

ብዙነሽ ሳይታሰብ ታመመች፤ ሳምንትም ሳትቆይ አረፈች። ከአርባዋ በኋላ የመጣው የወሩ ሂሳብ ዜሮ ነበር። መምህሩ ስህተት ነው ብለው የክላውድ ድርጅቱ ቢሮ ድረስ ሄዱ። ሠራተኛዋ የአጠቃቀም መዝገቡን ከፍታ ደጋግማ አየችው።

«ስህተት የለውም፣ አባባ። ድሮም ቪዲዮዎቹን ይከፍት የነበረው አንድ ስልክ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ያያቸው ነበር።»

«የማን ስልክ?»

ቁጥሩን ማንበብ ጀመረች። የብዙነሽ ነበር፤ የቀሩትን አኃዞች እሳቸው ጨረሱላት።