ማስረጃ አምጣ

«እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት፣ እማማ» አለች የቤት አስተዳዳሪ ድርጅት ወኪል የሆነችው ሴት፣ ወረቀቱን በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ እያንሸራተተች። «‹ቤቱ እኔ የማውቀው ጉድለት የለበትም› የሚለው ሥር። ከዚያ በኋላ ቤቱን የምናስተዳድረው እኛ ነን። ተከራዩ ቢጨቀጭቅ እንኳ የሚጨቀጭቀው እኛን ነው።»

«እሰይ! ትንሽ ደግሞ እናንተን ያንገብግባችሁ» አሉ የቤቱ ባለቤት፣ ጡረተኛዋ ጠበቃ፣ በሩ ላይ የቆመውን ተከራይ ቀና ብለው ሳያዩት። እንዲሰማ ግን ነው የተናገሩት።

ተከራዩ ሰማ፤ ፈገግ አለ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሆስፒታል ውስጥ ደም የሚመረምር ሰው ነው። ቤቱን በተከራየ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ለጠበቃዋ ስምንት ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር፤ ስምንቱም የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እየተሰነጠቀ ነው የሚሉ። ይሄን ቤት የገነቡት ደግሞ ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው፤ ሲሚንቶውን በገዛ እጃቸው እያቦኩ። ግድግዳው ተሰነጠቀ ማለት ለጠበቃዋ ሟቹ አጭበርባሪ ነበሩ ማለት ነው። አርባ ዓመት ችሎት ፊት ሰው የገረፉበትን ምላስ እንዳለ ወረቀት ላይ አወረዱበት። የመጨረሻው መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፦ ማስረጃ ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ አርፈህ ተቀመጥ።

አርፎ ተቀመጠ። አምስት ዓመት አንዲት ቃል አልጻፈም። ጠበቃዋም ረታሁት ብለው ነበር።

«የቀረኝ መኝታ ቤቱ ነው» አለች ወኪሏ እየተነሣች። «ሳላይ አልረከብም፤ የሥራችን ደንብ ነው።»

«እርስዎም ቢገቡ ደስ ይለኛል፣ እትዬ» አለ ተከራዩ።

«ለምን? ያንን ስብከትህን ልትጀምርልኝ?»

«እኔ ምንም አልናገርም።»

በሩን ከፈተው።

ክፍሉ ባዶ ነው፤ አልጋ የለ፣ ቁም ሣጥን የለ። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ወድቃለች፤ ግድግዳውም ያበራል። ከወለሉ ተነሥተው፣ ሰያፍ እየወጡ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ጣት የሚያህሉ ስስ መስታወቶች ተደርድረዋል፤ መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ። እያንዳንዳቸው ብርሃን ይዘዋል።

«ወይ ጉድ! ጌጥ ነው?» አለች ወኪሏ።

ጠበቃዋ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ከመስታወቶቹ ሥር ስንጥቁ ይሄዳል፤ ከታች ክር ነው፣ ከላይ ጣት ያስገባል። መስታወቶቹ ስንጥቁን ተሻግረው ዳርና ዳራቸው በጀሶ ተጣብቀዋል። ከጣሪያው ሥር ካለችው ከአንዲቷ በቀር ሁሉም መሃል ለመሃል ተሰብረዋል። ከእያንዳንዱ ስባሪ ሥር በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ቀን ተጽፏል።

«ደም የምናይባቸው መስታወቶች ናቸው» አለ ተከራዩ። «ቀጭን ስለሆኑ ግድግዳው የፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለ ይሰበራሉ። አንዱ ሲሰበር ቀኑን እጽፍና ከበላዩ ሌላ እለጥፋለሁ። ማስረጃ አምጣ ብለውኝ የለ?»

ጠበቃዋ ቀኖቹን እንደ መዝገብ ያነቡ ጀመር። በዝናቡ ወራት ቀኖቹ ይቀራረባሉ፤ በበጋው ይራራቃሉ። አምስት ክረምት፣ አምስት በጋ። በሥራ ዘመናቸው የተገዛ ምስክር አይተዋል፣ የውሸት ማኅተም አይተዋል፣ ዳኛ እየተጠበቀ የተለቀሰ እንባ አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላዩም። ግድግዳው ራሱ ቃሉን ሰጥቷል። መስቀለኛ ጥያቄ የማይነካው ምስክር!

«ታዲያ ለምን አላመጣህልኝም፣ አንተ ሰው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ጎደሎ ማስረጃ ይዤ እርስዎ ፊት ልቆም? ይበሉኛላ!»

ወኪሏ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«የምትተኙትስ የት ነው?» አሉ ጠበቃዋ።

«ሳሎን። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም። አራት ዓመታችን።»

«አራት ዓመት ሳሎን ከምትታጨቁ ለቃችሁ አትሄዱም ነበር? ቤት ጠፋ?» ጮኹ። ቁጣቸው ግን የሚያርፍበት ሰው አጥቶ ባዶው ክፍል ውስጥ አስተጋባ።

«እኛ ብንወጣ ሌላ ሰው ይገባል፣ እትዬ። ሳያውቅ አልጋውን እዚህ ይዘረጋል።»

ጠበቃዋ ዞረው አዩት። ዘጠኝ ዓመት ሲጣሉት ፊቱን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አስተውለውት አያውቁም።

ወኪሏ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «እማማ፣ ይሄ ከተጻፈ ድርጅታችን ቤቱን አይረከብም። ግን ወረቀቱ ‹የማውቀው› ነው የሚለው። እርስዎ ደግሞ እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር። የትናንት ቀን አድርገው ቢፈርሙስ?»

ይቺን ቀዳዳ ጠበቃዋ አሳምረው ያውቋታል፤ ስንቱን ሌባ አሾልከውባታል። አሁን ግን ቀና ሲሉ፣ አንድ ሰው አምስት ዓመት በእርሳስ የለቀማቸው እነዚያ ሁሉ ቀኖች ቁልቁል የሚያዩአቸው መሰላቸው።

«የትናንት ቀን?» አሉ በሹክሹክታ። «እዚህ ግድግዳ ፊት?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ተሰንጥቋል ብለሽ ጻፊ። የቤቱ ባለቤት በዓይኗ አይታለች በይ። ቤቱም እኔው እጅ ይቆያል፤ ግንበኛ የምጠራው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ በመንገዱ አንድ ከባድ የጭነት መኪና እያጓራ መጣ። የመስኮቱ መስታወት ተንገጫገጨ፤ ወለሉ ከጫማቸው ሥር ተርገበገበ። ሦስቱም አንድ ላይ ቀና አሉ። ከጣሪያው ሥር ያለችው፣ ገና ቀን ያልተጻፈባት መስታወት፣ ብርሃኗን ይዛ ተንቀጠቀጠች።

መኪናው አለፈ። ራቀ። መስታወቷም ሳትሰበር እንዳለች ነበረች።