የልጅቷ ክፍል መቃን

ልጅቷ በተወለደች ዓመት የተመዘገቡበት ቤት ዛሬ ደረሰላቸው። ከከተማው ጫፍ ባለው አዲሱ መንደር ቤቱ ሁሉ እንደ መንታ ስለሚመሳሰል፣ አናጺው አባቷ የራሱን ያገኘው በር ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ነው።

ሚስቱ ለመጋረጃ መስኮቱን ስትለካ፣ እሱ እንደ ልማዱ የሰው ሥራ ላይ እንከን ይፈልግ ጀመር። በልጅቷ ክፍል የበር መቃን ላይ ዐይኑ ፈጥጦ ቀረ።

በእርሳስ የተሰመሩ አምስት መስመሮች ነበሩ። ከጎናቸው ከሦስት እስከ ሰባት ቁጥር ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ሁለት ነጥብ አለ። ነጥቦቹ ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ያወረሱት ምልክት ናቸው። በኪራይ ቤታቸው መቃን ላይ በየልደቷ የልጅቷን ቁመት የሚያሰምረው ልክ እንደዚህ አድርጎ ነው።

"መቃኑ ትናንት ነው የተገጠመው፣ ጋሼ። ቀለሙ እንኳ በቅጡ አልደረቀም" አለ ቤቱን የሚያስረክበው ሠራተኛ።

ሚስቱ ከኋላው መጥታ ሳቀች። "አንተ፣ መቼ ሾልከህ ገብተህ ነው?"

አናጺው አልሳቀም። ባለፈው ወር ስድስት ዓመት የሞላትን ልጁን መቃኑ ሥር አቆማት። የስድስቱ መስመር አናቷ ላይ ልክክ አለ። የሰባቱ አራት ጣት ያህል ከፍ ይላል። የሚስቱ ሳቅ ቀጥ አለ።

ልጅቷ ዞራ መስመሮቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ከሰባት በላይ መቃኑ እስከ ላይ ድረስ ንጹሕ ነው።

"አባዬ፣" አለች፣ "የስምንቱስ የታለ?"