ያልመታችው ኮከብ

ከፋብሪካው የሚወጡት ጠመንጃዎች መልካቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ምልክቱ ነው። የተኩስ ፈታሹ በእያንዳንዱ አምስት አምስት ጥይት ይተኩሳል። አምስቱም ከመዳፍ በማይሰፋ ቦታ ላይ ካረፉ፣ ማህተም መቺዋ ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ኮከብ ትመታበታለች። ኮከብ ያለው ለአልሞ ተኳሽ፣ የሌለው ለተራ ወታደር ይሄዳል።

በዚህ ስራዋ ቀልድ አታውቅም። አንድ ለእናቱ የሆነው ልጇ ግንባር ላይ አልሞ ተኳሽ ነው። ዒላማውን የሳተ አልሞ ተኳሽ ደግሞ ያለበትን አሳወቀ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው የለም።

ባሏ ሲሞት ልጁ ገና የአራት ዓመት ነበር። ያሳደገላት ፈታሹ ነው፣ ፋብሪካው ሁሉ "ጋሼ" የሚለው። ትምህርት ቤት አደረሰው፣ መዶሻ አስያዘው፣ "ግራኝነቱን ሳይቀር አወረሰው" እየተባለም ይሳቅባቸው ነበር። ባለፈው ወር ልጁ ለጦር ክፍሉ ጠመንጃ ሊረከብ መጥቶ፣ ሁለት ቀን እሷ የምትሰራበት ክፍል እየገባ እየወጣ ሲያስቃት ሰነበተ። ጎረምሳ ሆኖም ልጅነቱ አልለቀቀውም።

ከዚያ መርማሪው መጣ። ከግንባር የተመለሱ ሦስት ጠመንጃዎች ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረ።

"ኮከብ አላቸው፤ ግን ግድግዳ እንኳን አይመቱም። ያንቺ ስራ ነው?"

የአንዱን ኮከብ በጣቷ ዳሰሰች። ኮከቡ አዘንብሏል፤ በግራ እጅ የተመታ ነው።

"የኔ አይደለም።"

"ማህተሙ ጋ የሚደርሰው ማን ነው?"

ልጇ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ይሄኔ እንዲህ ያለውን ይዞ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ቢሆንስ?

"እኔና ጋሼ ብቻ ነን። ግራኙ ደግሞ እሱ ነው" አለች።

ጋሼን ከተኩስ ሜዳው አመጡት። ኮከቡን አየና ወደ እሷ ዞረ።

"ሌላ ሰው ጠቅሰሻል?"

"ማንን ልጥቀስ?"

"ጥሩ" አለ። ለመርማሪውም፣ "እኔ ነኝ" አለው።

ማህተም መቺዋ ጮኸችበት።

"ምን በደልንህ? ጀርባህ ላይ አዝለህ ያሳደግከውን ልጅ ለጥይት ትሰጠዋለህ? ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ወንድም አመንኩህ እኮ። እጅህ ይሰበር!"

ጋሼ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ካቴና ሲያመጡለት እጆቹን ራሱ ዘረጋ።

ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ፍርዱን ልትሰማ ሄዳ፣ አነሰው ብላ እየተብከነከነች ተመለሰች። ክህደቱ ግን ከአንጀቷ አልወጣ አለ።

በሳምንቱ አንድ ቁስለኛ ወታደር ከግንባር የልጇን ወረቀት አመጣላት። ደህና መሆኑን ስትሰማ ተመስገን ብላ ተቀምጣ ገለጠችው።

"እማ፣ ሰው መግደል አንገሽግሾኝ፣ ጥይታችን እንዲስት ብዬ ውዳቂዎቹ ጠመንጃዎች ላይ ኮከብ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ አይቶኝ ዝም ብሏል፣ እንዳይቀየመኝ አንቺ ለምኚልኝ።"